የተለጠፈ ትንፋሽ

ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ፣ ጉልበቴን አሸሁት፤
እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቋቋ ሰማሁት።
ልጄ እንዳትሰማኝ ደወሉን አፍኜ፣
በጓሮ በር ወጣሁ አኮርዲዮን ጭኜ።

«አባ፣ ሐኪሙ እኮ አርፈህ ተቀመጥ ብሏል»
ትላለች እናትነሽ። እውነቷን ነው፤ ብሏል።
ግን እሱ ያዳመጠው አንዱን ደረቴን ነው፤
ሌላው ከኋላዬ፣ በማንገቻ ያለው።

በዘንባባው መንገድ ባጃጅ ገና አልነቃ፤
ጠራጊዋ ብቻ አቧራ ስትወቃ።
ሽቅብ ወደ ድልድዩ፣ ቁልቁል ወደ ሐይቁ፤
መንገዱን አልጠይቅ፣ እግሮቼ ናቸው የሚያውቁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ከማሽን ጋር ኖርሁኝ፤
በጨርቃጨርቅ ጩኸት ግራ ጆሮዬን አጣሁኝ።
ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ የእኔ ነበር ቀኑ፤
ሜዳው፣ ዋናው፣ ቀዘፋው፣ ማታ ደግሞ ዘፈኑ።
አሠልጣኙ ይላል፦ «ሙዚቃ እግር ያሰንፋል»፤
የኪነት ኃላፊው፦ «ኳስ ጣት ይሰብራል»።
ሁለቱን አስታረቅሁ፣ ሁለቱንም በመዋሸት፤
አንዱ ጋ ጉንፋን ይዞኝ፣ ሌላው ጋ ለቅሶ ቤት።
አክስቴን ስድስቴ ቀብሬያታለሁ፤ ዛሬም አለች በሕይወት።

በግራ ክንፍ ሯጭ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ለባሽ፤
ኳስ አቀባይ ብቻ፤ ጎሉን ሌላ ጨራሽ።
ጨራሹ ስንሻው ነው። ያው ስንሻው ራሱ
ማታ ከበሮ መቺ፤ ልክ እንደ ኳሱ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣ ሰዓቱን ጠብቆ
ሲመታ፣ ሕዝቡ ያብዳል ትከሻውን ሰብቆ።

አንድ የጥምቀት ማግስት፣ ከዘጌ እስከ ወደብ
ታንኳ ተወዳደርን፣ ደንገሉ ውኃ እስኪጠግብ።
ከኋላችን ጉማሬ፣ ከፊታችን ነፋስ፤
እሱ ጀሪካን ይመታል፣ ክንዴ እንዳይል ቀስ።
ሦስተኛ ወጣን፣ ከሦስት። ሽልማታችን ሳሙና።
ለሁለት ቆረጥነው። እሱ አለቀ። ሳቁ አለ ገና።

ስንሻው ሞተ፣ አምና፣ በሐምሌ ጨለማ።
ከበሮው ቴሌቪዥን ተሸክሟል አሁንማ።
ልጠይቃቸው ሄጄ አየሁት፤ ዝም አልሁኝ፤
ጣቴን ግን ጭኔ ላይ ሲመታ ያዝሁኝ።

በዚያው ሰሞን ነበር እጥፋቱ የተቀደደ፤
ስስበው ያፏጫል፤ ዜማው በነፋስ ሄደ።
ጠጋኝ ፈለግሁለት፤ «አዲስ ግዛ» አሉኝ፤
በጡረታ ደሞዝ! ከት አድርገው አሳቁኝ።
ከብስክሌቴ ጎማ አሮጌ ላስቲክ ቆርጬ፣
በማስቲሽ ለጠፍሁት፣ ሌሊቱን ተቀምጬ።
አሁን አንድ ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ሳንባ፤
የሮጥሁበት አየር በዜማው ውስጥ ገባ።

ሐይቁ ዳር ደረስሁኝ። እዚያ ማዶ እምቦጩ፣
አረንጓዴ መስሎ ውኃውን መጣጩ።
ሻላዎች ከድንጋዩ፣ ጡረታ እንደሚቀበል ሰው፣
ተራ ይዘው ቆመዋል አንገት አቀርቅረው።
አንድ ልጅ ታንኳውን በገመድ ያስራል፤
«ልቅዘፍ» ብለው፣ ዝም ብሎ ጉልበቴን ያየኛል።
«ይልቅ ግባ፣ አባቴ።»

መሐል ላይ ቁጭ አልሁኝ፤ እሱ ይቀዝፋል፤
ማንገቻውን ፈታሁ፤ አኮርዲዮኔ ያዛጋል።
አንዲት ቁልፍ አትሠራም፤ እሷን ዘልዬ አልፋለሁ፤
እንደ ድሮ ተከላካይ «ሸወድኋት!» እላለሁ።
ልጁ ሳያውቀው ነው መቅዘፊያው ምት የያዘ፤
ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ሐይቁም ታዘዘ።
ጀሪካን ባይኖርም፣ ከበሮ ባይኖርም፣
ከኋላ የሚመታ እንዳለ አይጠፋኝም።
ዘወር ብዬ አላይም።

ስልኬ ጮኸ በኪሴ። እናትነሽ ናት። አነሣሁ።
«አባ፣ የት ነው ያለህ? አልጋህን ባዶ አየሁ!»
ትንፋሼን ሰበሰብሁ፤ ግማሹን ከደረቴ፣
ግማሹን ከላስቲኩ፣ ከአሮጌ ብስክሌቴ።

«ሥራ ገብቻለሁ፣ ልጄ» አልኋት።
«ምሳ እንዳትጠብቂኝ።»